ሸጥኩት ያልኩት ሐብል

ቀናተኛ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ገና ከመጀመሪያው የተናዘዝኩት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቬንትሌተር የሚጠግነውን ሰውዬ የሚያውቅ ሁሉ ቅናቱንም አብሮ ያውቃል። ሚስቴ አስካለ ቁርስ ቤት አላት፤ የእኔ ሱቅ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቷ ነው። ለደንበኛ ሻይ አቅርባ "ስኳር ልጨምርልህ?" ካለች፣ እኔ በተፈታ ሞተር ላይ አቀርቅሬም ቢሆን ስንት ማንኪያ እንደጨመረችለት እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ለአንድ ባለ ኮፍያ አራት ማንኪያ ጨመረችለትና ሰውየው ስኳር በሽታ ይኖርበት ይሆን እያልኩ በተስፋ ዋልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን የቀናሁት በሐብል ነው። አስካለ ሳላገባት በፊት የነበራት የወርቅ ሐብል አላት፤ ቀጭን ሆና ከታች ክብ ጌጥ ያላት። ሚስቴ ስትስቅ ያችን ክብ በሁለት ጣቷ ያዝ ታደርጋለች። ቀልዱን የተናገርኩት እኔ፣ ያሳቅኋት እኔ፣ የሚያዘው ግን ሐብሉ። ይህ ለአንድ ባል ቀላል ነገር አይደለም።

"ከየት አመጣሽው?" ብዬ ስጠይቃት፣ "አክስቴ ናት የሰጠችኝ" ትላለች። አክስቷን እትዬ ደብሪቱን አውቃቸዋለሁ፤ አስካለ ሳላገባት በፊት እሳቸው ቁርስ ቤት ነበር የምትሠራው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለጎረቤት ጨው ሲያበድሩ እንኳ በሲኒ ለክተው፣ ሲኒውን በጣታቸው ደልድለው ነው። እኚህ ሴት ለእህታቸው ልጅ ወርቅ አንገቷ ላይ ሲያስሩ ለማየት ሞከርኩ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞከርኩ፤ አልታይህ አለኝ። ታዲያ ማን ሰጣት?

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ጌታነህ። ጌታነህ የአይሱዙ ሾፌር ነው። በሠርጋችን ዕለት አንዲት ጎረቤት እየጨፈሩ መጥተው በጆሮዬ "ያ ሾፌር ሲመላለስ ሲመላለስ አንተ ቀደምከው!" አሉኝ። ሴትየዋ ለምርቃት ያህል ነው የተናገሩት፤ በማግስቱም ሳይረሱት አይቀሩም። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጌታነህም እንድረሳው አልረዳኝም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከኮምቦልቻ ጭኖ ሲመጣ ቤታችን አጠገብ ሲደርስ ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ይነፋል። ሁለት አይደለም፣ አራት አይደለም። አስካለ ቀና ብላ አታይም፤ ቀና ብላ አለማየቷም ያንገበግበኛል።

የሮቢት ሙቀት በበረታበት ሰሞን ነው ነገሩ የተጀመረው። የአስካለ ደንበኞች ገና ሳይቀመጡ "ቀዝቃዛ ውሃ አለ?" ይላሉ፤ የለም ስትላቸው ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። አንድ እኩለ ቀን መንገዱን ተሻግራ መጣችና ሐብሉን ከአንገቷ ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከብሎኖቹ መሀል አስቀመጠችው።

"ይሄ ሐጂ ጋ ይሂድና ፍሪጅ እንግዛበት" አለች።

ያለችው ይህን ብቻ ነው። እኔ ደስታዬን ለመደበቅ አንድ ብሎን አንስቼ ያለ ምክንያት ማጥበቅ ጀመርኩ። "ካልሽ እንግዲህ" አልኩ እንደ ከበደው ሰው። መንገዱን ተሻግራ ሳትጨርስ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት ልድረስ ብዬ በባጃጅ ነው የሄድኩት፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ሐጂ ይማም የከተማችን አንጋፋ ወርቅ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ እጃቸው ግን ገና የማይንቀጠቀጥ። ሐብሉን ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠጉና ፈገግ አሉ።

"ይህማ የእጄ ሥራ ነው" አሉ።

ጆሮዬ ቆመ። "ለማን ነበር የሠሩት?"

"ለከፈለኝ ሰው።"

"የከፈለው ማነው ማለቴ ነው።"

"ልጄ፣ የሰው ነገር አማና ነው። እኔ የሰው አደራ አላወጣም።" ሚዛናቸውን አወረዱ። "አስካለ ደህና ናት? ይዘኸው መምጣትህን ታውቃለች?"

"እሷው ናት የላከችኝ።"

"አልሃምዱሊላህ። ደንቤን መቼም ታውቃለህ?"

"እንዴታ!" አልኩ። የምን ደንብ እንደሆነ አላውቅም። ቀናተኛ ሰው ግን የማያውቀው ነገር እንዳለ እንዲታወቅበት አይወድም። ሐጂ ወረቀት አውጥተው በቀስታ ጻፉ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው ያነቡልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ቃል ሳይጨርሱ ከአስፋልቱ በኩል ጥሩምባ ተሰማ። አንድ። ሁለት። በሩ ላይ ነበርኩ። ሦስት። አይሱዙው ወደ ቁርስ ቤታችን አቅጣጫ ሲታጠፍ አንገቴ እስኪቆለመም አየሁት። ስመለስ ሐጂ አንብበው ጨርሰዋል። "ገባህ?" ሲሉኝ "ገብቶኛል" አልኩና ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ያማረ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም።

የሰጡኝ ገንዘብ ከጠበቅነው ግማሽ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከራል። እኔ ግን ደስ አለኝ! ወርቁ ግማሽ ዋጋ ካወጣ ግማሹ ወርቅ አይደለም ማለት ነው፤ ጌታነህ ርካሽ ነገር ነው የሰጣት ማለት ነው። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ ሁለት ጊዜ አየኝ።

"ሸጥኩት" አልኳት ለአስካለ።

"ሸጥከው?"

"ሸጥኩት። ደግሞ ግማሹ መዳብ ሳይሆን አይቀርም። አክስትሽ ተጭበርብረዋል።" አክስትሽ የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጌ ነው ያልኳት፤ እንዲሰማት።

አስካለ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ንጹህ ሰሃኖች እንደገና ማጠብ ጀመረች። ለአክስቷ አዝና ነው ብዬ አለፍኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

በገንዘቡ ያገለገለ ፍሪጅ ገዝቼ ጠገንኩት። ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ሁሉ ያንቀጠቅጣል እንጂ ውሃውን ጥርስ እስኪያደነዝዝ ያቀዘቅዛል። ቁርስ ቤቱ ሞላ። የአስካለ አንገት ባዶ ሆነ። ሁለት ወር እንዲህ በሰላም ኖርኩ። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ሲነፋ፣ "ንፋ፣ ንፋ፣ መዳብህን ሸጥነው" እላለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም እጄን አውለበለብኩለት።

ከዚያ ሐጂ ደወሉ።

"ልጄ፣ የመያዣህ ቀን ሊሞላ ሳምንት ቀረው፤ ላስታውስህ ብዬ ነው" አሉኝ።

"የምን መያዣ?"

"የሐብሉ ነዋ!"

ስልኩን ሳልዘጋው ነው እየሮጥኩ የሄድኩት። ሐጂ ከትንሽዬዋ የብረት ሣጥን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሐብሉ። በሕይወት አለ! እኔ ሞቷል ብዬ እርሜን አውጥቼ፣ እሱ ለካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቶ ኖሯል።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ ሸጬልዎት ነው የሄድኩት!"

"ለእኔ? ወላሂ አልገዛሁህም። እኔ ያገባች ሴት ወርቅ ከባል እጅ አልገዛም። በጎልማሳነቴ አንዴ ገዝቼ ሴትየዋ መጥታ እዚህ ደጃፍ ላይ አልቅሳብኛለች። ከዚያ ወዲህ ባል ካመጣው በመያዣ ነው የምቀበለው። ወለድም የለው። ሮቢት ያውቃል፣ ጀውሃ ያውቃል፣ አጣዬና ካራቆሬ ድረስ የታወቀ ነው። አንተም አውቃለሁ አልከኝ፤ አነበብኩልህ፤ ፈረምክ።"

"ቀኑ ሲሞላስ?"

"አስካለን አስጠርቼ እጠይቃታለሁ። ይሸጥ ካለች ቀሪውን ገንዘብ በእጇ እሰጣታለሁ።"

"የምን ቀሪ?"

"ለመያዣ የምሰጠው የዋጋውን ግማሽ አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ መዳቡ…"

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። "አንተ ነህ ያን ወሬ የፈጠርከው? አንተ በሄድክ በማግስቱ ያን ጊዜ ሐብሉን የገዛኝ ሰው እዚህ መጥቶ፣ 'መዳብ ነው ወይ የሸጡልኝ?' ብሎ አላፋጠጠኝም መሰለህ? ስድሳ ዓመት ስሠራ መዳብ ቀላቀልክ ተብዬ አላውቅም!"

"ማነው እሱ ሰው?"

"አማና ነው አልኩህ እኮ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። የመዳቡን ነገር የነገርኩት ለአስካለ ብቻ ነው። በማግስቱ ደግሞ የገዛው ሰው ሰምቷል። ስለዚህ አስካለና የገዛው ሰው ይነጋገራሉ። በዚያች ደቂቃ ሮቢት ላይ የነበረው ሙቀት ሁሉ እኔ ውስጥ ገባ። አንድ ነገር ቆረጥኩ። ሳምንቱ ሳይሞላ፣ አስካለም ሳትጠራ፣ ያ ሐብል በሽያጭ ከእጃችን መውጣት አለበት። አስካለ ከተጠራች አንደኛ ሸጥኩት ያልኩት ሐሰት መሆኑ ይወጣል፤ ሁለተኛ "እወስደዋለሁ" ትል ይሆናል፤ ወስዳውም እድሜ ልኳን ስትስቅ ትይዘዋለች።

ሸማች መብት አለው፣ ውል ማፍረስ ይችላል ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። በማግስቱ ሸማች የሚከራከርበት ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ትሑት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ከኋላዬ የተበላሸ ዘይት በጀሪካን የያዘ ሰውዬ ተራ ይጠብቃል።

"ምን ገዝተው ነው፣ ጋሼ?"

"አልገዛሁም፤ ሸጬ ነበር።"

"ሻጭ ነዎት እንግዲህ።"

"አልሸጥኩም። አስይዤ ኖሯል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እና ምን ይደረግልኝ ነው የሚሉት?"

"ማስያዙ ይሰረዝልኝና መሸጡ ይጽናልኝ።"

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። "ጋሼ፣ እዚህ አናቱ ላይ 'የመያዣ ውል' ይላል፤ ከሥሩም ተሰምሮበታል። የንብረቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ይላል። እዚህ ደግሞ፣ 'ሐሳቡን የቀየረ ወገን በሰባት ቀን ውስጥ ያለ አንዳች ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል' ይላል። ሰውየው ጥሩ መብት ሰጥተውዎት ነበር።"

"ሁለት ወር አልፎታል።"

"አየሁ። ሸማች ደግሞ የሚጠበቀው ሰው ሲያታልለው ነው። እርስዎን ማን አታለለዎት?"

አሰብኩ። ከልቤ አሰብኩ። "እኔው ነኝ መሰለኝ" አልኩ።

"በራስዎ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይፈልጋሉ?" አለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም። ከኋላዬ ባለ ዘይቱ ሰውዬ ሳቁን ሊውጥ ሲል ትን አለው። የቢሮው ቬንትሌተር ሲንቋቋ አንድ ብሎኑ መላላቱን ሰምቼ ነበርና እሱን አጥብቄላት ወጣሁ። ቢያንስ በአንድ ነገር አዋቂ መሆኔ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

አሁን የቀረኝ ጌታነህ ነው። ምሳውን ጀውሃ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ስለሱ የማላውቀው የለም። ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን አጠናሁ። "ወንድሜ፣ የትዳር ሰው ነኝ…" ብሎ የሚጀምርና እስከ ሽምግልና የሚሄድ ንግግር ነበር። ደርሼ ስገባ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፤ ጌታነህ ውስጥ ጥብስ ከፊቱ አድርጎ ለብቻው ተቀምጧል።

"ጌታነህ አንተ ነህ?"

"ነኝ። ና፣ እንብላ!"

"አልበላም።"

"ኧረ በሞቴ!"

በሞቴ ሲባል እንዴት ይደረጋል? ሁለት ጉርሻ ጎረስኩ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

"አስካለን ታውቃታለህ?" አልኩት።

"የቷ አስካለ?"

"ሮቢት! የእትዬ ደብሪቱ ቁርስ ቤት!"

"ደብሪቱን አውቃታለሁ። ነፍሷን ይማር፣ እንቁላል ፍርፍሯን ልጆቿ እንኳ አልቻሉበትም።"

"አብራቸው ትሠራ የነበረችው! የእህታቸው ልጅ!"

ጌታነህ ማኘኩን አቁሞ ጣሪያውን እያየ ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ። "ቀይዋ ናት?"

"ጠይም ናት!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። እንዴት ይረሳታል? እሷን አይቶ ሰው እንዴት ይረሳል? የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋኝ፤ የሚስቴ ክብር ነው የተነካው። ቁመቷን ነገርኩት። ስትስቅ ግራ ጉንጯ ብቻ እንደሚሰረጉድ ነገርኩት። ስትቆጣ ድምጿን ከፍ ሳይሆን ዝቅ እንደምታደርግ፣ ሂሳብ በአፏ ስትሠራ ዐይኗን እንደምትጨፍን ነገርኩት። እጄን እያወናጨፍኩ ስነግረው ሌሎቹም ሾፌሮች ወንበራቸውን አዙረው መስማት ጀመሩ።

"ታዲያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥሩምባ የምትነፋው ለማነው?"

"ሮቢት? እዚያ ያለው ጎሚስታ እኮ አበ ልጄ ነው! ሰላም እለዋለሁ፤ ዕዳዬን እንዳይጠይቀኝ ሳልቆም።" እጁን ጠራረገና ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ይቺ ያልካት ሴት ግን… ቁርስ ቤቷ በየት በኩል ነው?"

ሰው ከጀውሃ ሮቢት በእግሩ መሄድ ቢችል ኖሮ በእግሬ ነበር የምመለሰው፤ ሚኒባስ ውስጥ ከራሴ ጋር ተቀምጬ መሄድ አፍሬ። ሚስቴን የማያውቃት አንድ ሰው ነበረ፤ አሁን እስከ ጉንጯ ስርጉድ ድረስ ያውቃታል። ያውም እሱ ብቻ ሳይሆን አንድ ምግብ ቤት ሙሉ ሾፌር።

ስደርስ አስካለ ብቻዋን ነበረች። ፍሪጁ ሲነሳ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፤ እስኪረጋጉ ጠበቅኩ።

"አስኩ፣ ሐብሉን አልሸጥኩትም" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ሐጂ ጋ ይሂድ ያልኩህ ለመያዣ ነው። ሮቢት ውስጥ የሴት ወርቅ ሐጂ ጋ ሄደ ከተባለ ሌላ ምን ይሆናል? ይህን የማያውቅ ሰው አለ? ሸጥኩት ስትለኝ ደንግጬ በማግስቱ ሄጄ ጠየቅኋቸው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔን ስትጠብቅ አገሩን ሳታየው ቀረህ።"

"ታዲያ ሁለት ወር ዝም አልሽኝ?"

"አንተ ትነግረኝ እንደሆን ልይ ብዬ።"

"የገዛልሽን ሰው ብቻ ንገሪኝ" አልኳት። ድምፄ እንደ ልመና ነው የወጣው። "ማንም ይሁን። ብቻ ልወቀው።"

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከመሳቢያው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣችና፣ ገና ሳይመሽ ቤቱን ዘጋችው። ቤቷን በሥራ ሰዓት ስትዘጋ አይቻት አላውቅም፤ ለለቅሶ እንኳ ሰው ተክታ ነው የምትሄደው። ተያይዘን ሐጂ ጋ ደረስን።

"ሐጂ፣ ይንገሩት" አለች።

"ልንገረው? ከአማናው ፈታሽኝ?"

"ፈታሁዎት።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅ ነበረች" አሉ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ትገባለች። ካጠበችው ሰሃን ያገኘችውን ታስቀምጣለች። እጇ በሳሙና ተልጦ አየው ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላልሳ ከፍላ ነው የወሰደችው።"

"እኔ ነኝ የገዛሁት" አለች አስካለ። "ሴት ልጅ ለራሷ ወርቅ ገዛች ሲባል ማን አምኖ! ማን ሰጣት ይሉኛል ብዬ አክስቴ ናት አልኩ። ሰው እንዲያ እንዳይለኝ ነበር የዋሸሁት፤ አንተ ቤቴ ገብተህ በየቀኑ አልከኝ። እሱንም ቻልኩት። መዳብ ነው ስትለኝ ግን አልቻልኩም።"

አፈርኩ። ይህን በቀልድ ላልፈው ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልችልም። የሚስቴን ሁለት ዓመት መዳብ ብዬው፣ ደስ ብሎኝ በባጃጅ ስስቅ የሄድኩ ሰው ነኝ።  ሐጂ ደግነታቸው፣ ሚዛኑን የሚያጸዱ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ ሐጂ ለእሷ፣ "ይሸጥ ትያለሽ ወይስ ትወስጂዋለሽ?"

እሷ እኔን አየችኝ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"ውሰጂው" አልኩ። "ስትስቂም ያዥው።"

የመጨረሻዋን ቃል የማልችላት መስሎኝ ነበር፤ ወጣችልኝ። አስካለ መሐረቡን ፈታችው፤ የቀዝቃዛው ውሃ ገንዘብ ነበር፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ስታጠራቅም ኖራለች። ሐጂ ተቀበሉ፤ ወረቀቴን ከነፊርማዬ ቀደዱና ሐብሉን ከጨርቁ አወጡት። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታን ነጠላዋን ከአንገቷ ገለል አደረገች።

"ወዲህ በይው እኔ ላስርልሽ" አሉ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው። "ቁልፉ ረቂቅ ነው፤ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ብልሃቱን አውቀዋለሁ።"

"ይተዉት ሐጂ፣ እኔ አስራለሁ" አልኩና ሐብሉን ከእጃቸው ቀደም ብዬ ወሰድኩት። የእኔ ጣት የሞተር ብሎን የለመደ ነው፤ ያቺ ቁልፍ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። ወረፋ የያዙ ሁለት ሴቶች ገብተው ተቀመጡ። ላቤ ወረደ። ሦስቴ አመለጠኝ። ሐጂ ሁለት ጊዜ "አምጣው" አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ "ግድ የለም" አልኳቸው። አስካለ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ጎንበስ ብዬ ሳያት እየሳቀች ነው።

"ለምን አትሰጣቸውም?" አለችኝ። "ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው እኮ!"

"አውቃለሁ" አልኩ። "ቢሆንም።"